የግንባታ ሥልጠና ገንዘብ ከመሠረት እስከ ጣራ ይድረስ



የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲቃረብ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ከዚህ በኋላ ልጃችን ወዴት ይሂድ?» የሚል። ውጤቱ ከፍ ያለው ልጅ የዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት ዕድል ይጠብቃል። ውጤቱ መካከለኛ የሆነው ደግሞ እቤት ይውላል። ለዚህ ልጅ «ግንበኝነት ተማር፤ አናጢነት ወይም የቧንቧ ሥራ ተማር» የሚል ምክር ሲሰጠው የልጁም የወላጁም ፊት ይከፋል። ሙያው የወደቀ ልጅ መጠጊያ እንጂ ሰው ወዶ የሚመርጠው ትምህርት አይመስለንም።

በዚህ ጽሑፍ ልነግራችሁ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሀብታም ከሚባሉት መንግሥታት አንዱ ለግንባታ ሙያ ሥልጠና ብዙ ገንዘብ መመደቡንና ለምን እንደመደበ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፦ ለግንባታ ሥልጠና የሚሰጥ ገንዘብ የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ከቆመ ይባክናል። ተማሪውን ተከትሎ እስከ እውነተኛው የሥራ ቦታና እስከታወቀው የምስክር ወረቀት ድረስ መሄድ አለበት። ይህ ለእንግሊዝ አገር እውነት ነው፤ ለእኛ ካምፕ ደግሞ ይበልጥ እውነት ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝ ምን አደረገች?

በእንግሊዝ አገር አንድ ልጅ በ16 ዓመቱ መደበኛውን ትምህርት ሲጨርስ ሊገባበት የሚችል «ፈርዘር ኤዱኬሽን ኮሌጅ» የሚባል ተቋም አለ። ስሙ ኮሌጅ ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። የእኛ ሰው «የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት» ቢለው የቀረበ ስም ይሆናል። በአንዱ ወርክሾፕ ግንበኝነት፣ በሌላው አናጢነት፣ የቧንቧ ሥራ፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ልስንና ቀለም ቅብ ይሰጣል። ከ16 እስከ 18 ዓመት ላሉት ልጆች ትምህርቱ በመንግሥት ወጪ ነው። ከዚያ በላይ ዕድሜ ያላቸውም እንደ ሁኔታቸው ሙሉውን ወይም ከፊሉን መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

በማርች ወር 2025 የብሪታንያ መንግሥት 600 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በመመደብ እስከ 2029 ድረስ እስከ 60,000 የሚደርሱ ተጨማሪ የግንባታ ባለሙያዎችን አሠለጥናለሁ ሲል አስታወቀ። ከዚህ ውስጥ 100 ሚሊዮኑ በየአካባቢው ለሚመረጡና በግንባታ ትምህርት ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆኑ ለታሰቡ 10 ኮሌጆች የተመደበ ነው። ሌላው ለተጨማሪ የኮሌጅ ኮርሶች፣ ለአጫጭር ሥልጠናዎችና ለሥራ ላይ ልምምድ ተከፋፈለ። የግንባታ ኢንዱስትሪው የሥልጠና ቦርድም በበኩሉ 32 ሚሊዮን ፓውንድ ጨምሮ በዓመት ከ40,000 በላይ የልምምድ ቦታዎች እንዲገኙ ለማገዝ ቃል ገባ።

ሒሳብ የምትማሩ ልጆች 600 ሚሊዮኑን ለ60,000 አካፍሉት። ለአንድ ሰው 10,000 ፓውንድ ይደርሳል። እርግጥ ገንዘቡ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ የሚሰጥ አይደለም፤ ለመምህር፣ ለመሣሪያ፣ ለሕንፃና ለሌላም ይውላል። ቢሆንም አንድ መንግሥት አንዲት ግንበኛ ወይም አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ለማፍራት ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጥ ያሳያል። «የተረፈ ልጅ ሙያ» ለምንለው ነገር ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ሞኝ ነውን? አይደለም። ሥራው አስገድዶት ነው።

ለምን አስፈለገ?

መንግሥቱ በአንድ የፓርላማ ዘመን ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ቤቶች እንዲሠሩ አደርጋለሁ ብሎ ለሕዝቡ ቃል ገብቷል። ቤት ግን በቃል አይቆምም፤ በእጅ ነው የሚቆመው። የገንዘቡ ምደባ ሲታወጅ በግንባታው መስክ ከ35,000 በላይ ክፍት የሥራ ቦታዎች ነበሩ። አሠሪዎችም ከእነዚህ ቦታዎች ከግማሽ የሚበልጡትን መሙላት ያልቻልነው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ስላጣን ነው ብለው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሞልቶ የተረፈው አገር ጡብ ደርዳሪ አጣ ማለት ነው።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እያረጁ ጡረታ ወጡ፤ የሚተኳቸው ልጆች ግን በቁጥር አነሱ። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ሲል ከእነዚህ ኮሌጆች በጀት ብዙ ቆረጠ፤ የአዋቂዎች ትምህርት በተለይ ተጎዳ። ክፍተቱን ለብዙ ጊዜ የሸፈኑት ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ በ2020 መጨረሻ ነፃው የሰዎች ዝውውር ሲቆም ያ በር ጠበበ። እንግዲህ አሁን የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ትናንት የተቆረጠውን መልሶ መትከል ነው። ከዚህ አንድ ትምህርት እንወስዳለን፤ ሥልጠና እንደ ማሳ ነው፤ አንድ ዓመት ካልተዘራ የሚራበው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ሌላም የምወድላቸው ነገር አለ። ሸክሙ በመንግሥት ላይ ብቻ አይደለም። የግንባታ ኢንዱስትሪው የሥልጠና ቦርድ በ1964 በወጣ ሕግ መሠረት የተቋቋመ ነው። የግንባታ ድርጅቶች በየዓመቱ መዋጮ ይከፍሉታል፤ እርሱም ተማሪ ለሚያሠለጥኑት ድርጅቶች መልሶ ይሰጣል። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የዓመት የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ማንኛውም ድርጅት ከዚያ በላይ ባለው ላይ ግማሽ በመቶ ለተለማማጆች ሥልጠና ይከፍላል። ከሠለጠነ ሰው የሚጠቀም ሁሉ ለማሠልጠኛው ያዋጣል ማለት ነው። አሳቡ ቅን ነው። አንዱ አሠልጥኖ ሌላው በነፃ እንዳይወስድበት ያደርጋል።

ገንዘቡ የሚፈስባቸው አራት ቀዳዳዎች

ነገር ግን ገንዘብ መመደብና ግንበኛ ማፍራት አንድ አይደሉም። በበርሜል ብዙ ውሃ ቢሞላም ቀዳዳ ካለው ማታ ባዶ ነው። የእንግሊዝን ኮሌጆች ጉዳይ ስንመረምር አራት ቀዳዳዎች እናያለን።

የመጀመሪያው መምህር ነው። ጥሩ ግንበኛ በሥራ ቦታ የሚያገኘው ገቢ በኮሌጅ አስተምሮ ከሚያገኘው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የእነዚህ ኮሌጆች መምህራን ደመወዝ ከመደበኛ ትምህርት ቤት መምህራን እንኳ ዝቅ ያለ ነው። ታዲያ እጁ የተፈታ ባለሙያ ለምን ቱንቢውን አስቀምጦ ጠመኔ ያነሣል? መንግሥቱ ይህን አይቶ የግንባታን ጨምሮ እጥረት ባለባቸው ትምህርቶች ለሚያስተምሩ ጀማሪ መምህራን በዓመት እስከ 6,000 ፓውንድ የሚደርስ ማቆያ መስጠት ጀምሯል። ደግ አደረገ። ነገር ግን መምህር የሌለው አዲስ ወርክሾፕ መጋዘን መሆኑን መርሳት የለበትም።

ሁለተኛው ዕቃ ነው። ግንበኝነት በጥቁር ሰሌዳ አይማሩትም። አንድ ተማሪ ግድግዳ ሠርቶ፣ በውሃ ልክና በቱንቢ ተለክቶ፣ ተሳስቶ፣ አፍርሶ፣ እንደገና መሥራት አለበት። ለዚህ ጡብ፣ አሸዋና ውሃ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከእንግሊዝ ኮሌጆች የምንቀዳው ብልሃት አለ። ለልምምድ የሚያቦኩት ሲሚንቶ የሌለበት የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ነው። እንዲህ ያለው ድብልቅ እንደ ሲሚንቶ አይጠነክርም። ስለዚህ ግድግዳው ከታረመ በኋላ ፈርሶ፣ ጡቡ ተጠርጎ፣ ለሚቀጥለው ተማሪ ይሰጣል። አንዱ ጡብ ብዙ ልጆችን ያስተምራል። ለድሃ ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ቁጠባ የት ይገኛል?

ሦስተኛው የሥራ ቦታ ነው፤ ትልቁም ቀዳዳ ይኸው ነው። በወርክሾፕ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ዝናብ የለም፤ የሚቸኩል ፎርማን የለም። እውነተኛው ሥራ ግን በመወጣጫ ላይ፣ ከአናጢውና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ተራ እየጠበቁ የሚሠሩት ነው። በብሪታንያ አብዛኞቹ የግንባታ ድርጅቶች ትንንሽ ናቸው፤ በግላቸው ተዋውለው የሚሠሩ ሠራተኞችም ብዙ ናቸው። አምስት ሰው ይዞ የሚሠራ ኮንትራክተር ተማሪ ተቀብሎ ማስተማር ጊዜውን ይወስድበታል፤ ስለዚህ ይሸሻል። ብዙ ልጆች ኮርሱን ጨርሰው የሥራ ቦታ ሳይረግጡ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ከተመደበው ገንዘብ ከፊሉ ለልምምድ ቦታ መዋሉን የማመሰግነው ለዚህ ነው።

አራተኛው ማስረጃ ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። አሠሪ ግን ልብ አያይም። በብሪታንያ ከ1995 ጀምሮ የግንባታ ሠራተኛ ምን እንደሚያውቅ የሚያሳይ የሙያ ካርድ አለ፤ ያለዚህ ካርድ በአብዛኞቹ ትልልቅ የሥራ ቦታዎች በር አይከፈትም። ካርዱን ለማግኘት ደግሞ የሙያ ማስረጃና የደኅንነት ፈተና ይጠየቃል። የኮሌጁ ትምህርት ወደዚያ ካርድ ካላደረሰ ድልድዩ ወንዙ መሃል ላይ ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። መንግሥታትም ረጂዎችም «ይህን ያህል ሰው ተመዘገበ» ብለው ሪፖርት ማድረግ ይወዳሉ። የምዝገባ ቁጥር ግን የቤት መሠረት ነው፤ መሠረት ቆፍሮ የሄደን ሰው ቤት ሠራ አንለውም። 60,000 ሲባል መጠየቅ ያለበት «ከእነዚህ ስንቶቹ ከሁለት ዓመት በኋላ በሙያው ላይ አሉ?» የሚለው ነው። ያን ጊዜ ብቻ ነው ገንዘቡ ከመሠረት እስከ ጣራ ደረሰ የሚባለው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

«እንግሊዝ ሀብታም አገር ናት፤ እኛ በራሽን የምንኖር ሰዎች ነን። የእነርሱ ሚሊዮን ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን የምላችሁ ገንዘባቸውን እንመኝ አይደለም፤ ቀዳዳቸውን አይተን የራሳችንን እንድፈን ነው። እነርሱ 600 ሚሊዮን ይዘው የሚያፈስባቸው ከሆነ፣ በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ የካምፕ ሥልጠና አንድም ጠብታ ሊያፈስ አይገባውም።

እስቲ ያለንበትን አገር እንመልከት። በኬንያ አሠሪዎች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ የኢንዱስትሪ ሥልጠና መዋጮ ይከፍላሉ፤ ይኸውም ለብሔራዊው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን የሚገባ ነው። አሳቡ ከእንግሊዙ ጋር አንድ ነው። ይኸው ባለሥልጣን ለግንበኛ፣ ለአናጢ፣ ለቧንቧ ሠራተኛና ለሌሎችም የሙያ ፈተና ይሰጣል፤ ለረጅም ዓመታት የታወቀው ፈተና ከግሬድ 3 ተነሥቶ ወደ 2ና ወደ 1 የሚያድግ ነው። በካኩማ ካምፕ ደግሞ ዶን ቦስኮ ለብዙ ዓመታት ግንበኝነትን፣ አናጢነትን፣ ብየዳንና የኤሌክትሪክ ሥራን ለስደተኛውም ለአካባቢው ተወላጅም ሲያስተምር ቆይቷል። ስለዚህ ሥልጠና ፈጽሞ የለም አንልም። ጥያቄው ሥልጠናው የት ድረስ ይወስዳል የሚለው ነው።

በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ እዚህ ላይ የምናተኩርበት ቃል አለው። ሕጉ የታወቀ ስደተኛ በአገሩ ባለሥልጣኖች ዘንድ ተቀባይነት ያለው የሙያ ማስረጃ ካለው በዚያ ሙያ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። ፈቃድ ማግኘቱ በተግባር ቀላል አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ሕጉ ምን ብሎ እንደጠየቀ ልብ በሉ፤ ተቀባይነት ያለው ማስረጃ ነው ያለው። አንድ ድርጅት ለሦስት ወር አሠልጥኖ በራሱ ማኅተም የሰጠው ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፤ ይህን በር ግን ላይከፍት ይችላል። የመንግሥት ፈተና ያለፈበት ወረቀት ግን ቁልፍ የመሆን ዕድል አለው። ወደ አገራችን የምንመለስበት ቀን ቢመጣም ነገሩ ያው ነው፤ በኢትዮጵያም የሙያ ሠልጣኝ ሲ.ኦ.ሲ. የሚባለውን የብቃት ምዘና እንዲያልፍ ይጠየቃል።

ከረጂዎችና ከካምፑ አስተዳደር የምንጠይቀው

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፣ የሚያስፈልገንን በግልጽ እንናገር። ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የግንባታ ኮርስ በጀት ሲያዝ የመንግሥት የሙያ ፈተናው ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በበጀቱ ውስጥ ይግባ። አንድ ልጅ ወራት ሙሉ ተምሮ በመጨረሻ የፈተና ገንዘብ አጥቶ ቢቀር ለእርሱ የወጣው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፈተናውን መክፈል ከሥልጠናው ወጪ ጋር ሲተያይ የጣራ ክዳን ማለት ነው። ግድግዳውን ጨርሶ ቆርቆሮውን የሚነፍግ ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ የሥራ ቦታ ለመፈለግ ሩቅ አንሂድ። ካምፕ ማለት ግንባታው የማያልቅበት ቦታ ነው። ዛሬ መማሪያ ክፍል፣ ነገ መጸዳጃ ቤት፣ ከነገ ወዲያ የውሃ ማጠራቀሚያ መሠረት ወይም የመጠለያ ጥገና ይሠራል። ለእነዚህ ሥራዎች ኮንትራት ሲሰጥ በውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ኮንትራክተሩ ይህን ያህል ሠልጣኞች ተቀብሎ በሙያው ያለማምዳል፤ የሠሩበትንም ቀን በመዝገባቸው ላይ ይፈርማል» የሚል። አሸዋ በማመላለስ ብቻ ሳይሆን በውሃ ልክና በቱንቢ እንዲሠሩ ይጻፍ። የእንግሊዝ መንግሥት በሚሊዮን የሚፈልገውን የልምምድ ቦታ እኛ በደጃችን አለን፤ የጎደለው ያ አንድ መስመር ነው።

ሦስተኛ፣ አሠልጣኙ ይከበር። በመካከላችን በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ሕንፃ ሲሠሩ የኖሩ አባቶች አሉ። በትንሽ ኢንሴንቲቭ ረዳት ከማድረግ ይልቅ፣ ያላቸው ልምድ ተፈትኖ ማስረጃ ያግኙና ልጆቻችንን ያስተምሩ። የእነርሱ እውቀት አብሯቸው ካረጀ በምንም ገንዘብ አንገዛውም።

ለወላጆች

ክቡራን ወላጆች፤ ልጃችሁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን መመኘታችሁ የሚደነቅ ነው፤ ተስፋችሁን አልነካም። ነገር ግን ቁጥሩን እንወቅ። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኛ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት ላይ የደረሱት ከ100 ከ10 ያነሱ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2030 ይህን ወደ 15 ለማድረስ አቅዷል። ዕቅዱ ቢሳካ እንኳ 85ቱ ልጆች ምን ይሁኑ? የአንዱን ልጅ ስኬት እያየን የቀሩትን «ወደቁ» ብለን ቤት ማስቀመጥ አይገባም።

ሙያን መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም እየጠራን ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ አገር የሚጎዳ መሆኑን ስላዩ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። አዋጁ ስድቡን ከአፍ ቢያስቀርም ንቀቱን ከልብ ገና አላወጣውም። መንግሥት ለሙያ ትምህርት መክፈሉም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድ በ1942 ተከፍቶ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። በ1954 ደግሞ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ ተመሠረተ። እነዚያ ተማሪዎች የአገር ኩራት ነበሩ። ዛሬ ልጆቻችን በተመሳሳይ ነገር የሚያፍሩበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለ ሴቶች ልጆቻችንም አንድ ነገር ልበል። በአዲስ አበባ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ያለፈ ሰው ድንጋይና ቡኮ ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ ሴቶችን አይቷል። ክፍያቸውም ከሁሉ ያነሰ ነው። ሸክሙን ይችላሉ ሲባል ግንባታውን አይችሉም የሚባለው ለምንድን ነው? ከሸክም ይልቅ ቱንቢ መያዝ ይቀላል፤ የበለጠም ያስከፍላል። ልዩነቱ ሥልጠና ብቻ ነው። ስለዚህ ኮርስ ሲከፈት ሴት ልጃችሁን ከቤት ሥራ አሳርፋችሁ ላኳት።

ለተማሪዎች

እናንተም ልጆች፣ ሙያ መማር ከደብተር ማምለጫ እንዳይመስላችሁ። ግንበኛ የቤት ማዕዘን ቀጥ ማለቱን የሚያረጋግጠው በገመድ ነው። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ይህ በክፍል ውስጥ «ምን ያደርግልናል?» እያላችሁ የምትማሩት የፓይታጎረስ ሕግ ነው። የሲሚንቶና የአሸዋ መጠን ለማወቅ ንጽጽር ማስላት አለባችሁ። ኮንክሪት ለመሙላት ይዘት ማስላት አለባችሁ። ፕላን ለማንበብ እንግሊዝኛ፣ ከሠራተኛው ጋር ለመግባባት ስዋሂሊ ያስፈልጋችኋል። ሒሳብ የጠላ ግንበኛ ግድግዳው ይመሰክርበታል።

የሠራችሁበትንም ሁሉ መዝግባችሁ ያዙ። የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ቀን፣ ምን እንደሠራችሁ በደብተር ጻፉ፤ ፎርማኑን አስፈርሙ። ነገ ፈተና ስትቀመጡ ወይም አሠሪ ፊት ስትቆሙ ይህ ደብተር ይናገርላችኋል።

ከመካከላችሁ የሦስተኛ አገር ዕድል የሚደርሰው ቢኖር ይህንንም ይወቅ። በእንግሊዝ አገር በስደተኝነት የታወቀ ሰው በመንግሥት ገንዘብ በእነዚህ ኮሌጆች ለመማር እንደሌላው ባዕድ ሦስት ዓመት መጠበቅ የለበትም። ማመልከቻው በምርመራ ላይ ያለ ሰው እንኳ ስድስት ወር ካለፈው በአብዛኛው መማር ይፈቀድለታል። ይህን የምለው ተስፋ እየሰጠሁ ወደ ባሕር ልሰዳችሁ አይደለም፤ የጉዞ ቀን የማንም እጅ አይደለም። ሙያ ግን እዚህ ብትቀሩም፣ አገር ብትገቡም፣ ባሕር ብትሻገሩም አብሯችሁ የሚሄድ ሻንጣ ነው፤ ጉምሩክ አይፈትሸውም፤ ሌባ አይሰርቀውም።

ለማጠቃለል፣ አንድ ሀብታም መንግሥት ግንበኛ ሲያጣ ሙያው ስንት እንደሚያወጣ አወቀ። እኛ እስክናጣ አንጠብቅ። ረጂዎች ገንዘባቸውን እስከ ፈተናውና እስከ ሥራው ቦታ ያድርሱ። አስተዳደሩ በኮንትራቱ ላይ ያችን አንዲት መስመር ይጻፍ። ወላጆች ልጆቻችሁን ያለ ሃፍረት ላኩ። ተማሪዎችም ጀምራችሁ አታቋርጡ። በሚቀጥለው የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ የፈተናው ክፍያና የሠልጣኞች የሥራ ቦታ ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያዝ አብረን እንጠይቅ፤ ሁላችሁም ኑ። ባዶ ወንበር አይናገርም።